360ኛው መገጣጠሚያ

በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ከእናታችን ዓኢሻ የተላለፈ አንድ ሐዲስ አለ። የአደም ልጅ ሁሉ 360 መገጣጠሚያ ይዞ እንደተፈጠረ ይናገራል። በዚሁ ጉዳይ የመጡ ሌሎች ዘገባዎች ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሰደቃ እንዳለበት ይጨምራሉ። ሰደቃው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አላህን ማመስገን ይቆጠራል፣ በተጣሉ ሁለት ሰዎች መካከል በፍትሕ መፍረድ ይቆጠራል፣ ወደ ሶላት የሚራመዱት እርምጃ ሁሉ ይቆጠራል፣ ከሰው መንገድ ላይ ድንጋይ፣ እሾህ ወይም አጥንት ማንሳትም ይቆጠራል። ለሁሉም መገጣጠሚያ የረፋዷ የዱሐ ሶላት ሁለት ረከዓ ትበቃለች ተብሏል።

እኔ ቀኝ ዳሌዬ ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ከእናቴ ማኅፀን ይዤው አልወጣሁም። ጭኔ አጥንት ውስጥ የገባው ግንድ ቲታኒየም ነው። አናቱ ላይ ያለው እንክብል ሴራሚክ ነው። እንክብሉ የሚዞርበት ጽዋ ከውጭ ብረት ሆኖ ከውስጥ ፕላስቲክ ተለብጧል። ፋብሪካ የሠራው፣ ኢንሹራንስ የከፈለበት ዕቃ ነው። ታዲያ በየማለዳው ያለብኝ ዕዳ የ360 ነው ወይስ የ359?

ጥያቄውን ያቀረብኩላቸው ሼኽ እንደኔው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር ውስጥ ሻይ ይዘን ነበር። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው፣ «አንተ ልጅ፣ ዕዳውን ልታሳንስ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ሳቃቸው ሲያልፍ ግን መልሳቸው ቁም ነገር ነበረው። ሰደቃው የሚከፈለው ስለ አጥንቱ ሳይሆን ስለ እንቅስቃሴው ነው አሉ፤ ተነሥተህ ከተቀመጥክ፣ ታጥፈህ ከተዘረጋህ ጸጋው ደርሶሃል፣ በምን ዕቃ እንደደረሰህ የሚለውጠው ነገር የለም። ዑለማ ያልሆነ ሰው በዚህ ይረካል። እኔም ዑለማ አይደለሁም፤ ግን መካኒክ ነኝ፣ እንቅስቃሴ የሚባለው ነገር በነጻ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ሥራዬ እዚያው ሪያድ፣ ሰናዒያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ፣ የውኃ ፓምፕ መፍታትና መግጠም ነው። በእጄ ያለፈው ኩሽኔታ ስንት እንደሆነ አላህ ይወቀው። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ምን ዓይነት ሽታ እንዳለው፣ ግሪሱ ሲጠቁር ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳልፈታው እናገራለሁ። የራሴ ዳሌ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጠማማ ነበር። ጽዋው ጥልቀት አልነበረውም፤ ደሴ ዙሪያ ያሉ ወጌሾች በቅቤ እያሹ አሳደጉኝ፤ ከዚያም ሰውነቴ ችሎት ኖረ። ዕድሜ ሲገፋ ልስልሱ አጥንት አለቀና ደረቅ አጥንት በደረቅ አጥንት ላይ መዞር ጀመረ። አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሲያሳየኝ ማስረዳት አላስፈለገውም። እንደዚያ ያለ ዕቃ ወርክሾፕ ቢመጣልኝ ለባለቤቱ «አይታደስም፣ ይለወጣል» ነው የምለው።

ሐኪሙ ሙያዬን ሲሰማ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ጤናማ የሰው መገጣጠሚያ ፍትጊያው ምን ያህል እንደሆነ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። በቁጥር ሲነገር አንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ይህ ማለት መቶ ኪሎ የተጫነበትን ዕቃ በአንድ ኪሎ ጉልበት ማንሸራተት ነው። ያውም በግሪስ ሳይሆን በእንቁላል ነጭ ዓይነት ውኃ፣ ያለ ማጣሪያ፣ ያለ ጥገና፣ ለሰባና ለሰማንያ ዓመት፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውየውን ክብደት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ እየተሸከመ። ሱብሓነላህ ያልኩት እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ነው። አዲሱ ዕቃ እዚህ አይደርስም፤ ሴራሚክና ፕላስቲክ የሚፋተጉበት መጠን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በርሊን ውስጥ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የተቀበረበት ሰው ሠራሽ ዳሌ ለሕመምተኞች ተገጥሞ፣ ለአንድ ሰዓት ሲራመዱ የእንክብሉ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሲደርስ ተመዝግቧል። በሐምሌ ሪያድ ከውስጥም ከውጭም ይሞቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ሳነብ የገጠመኝን የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጆን ቻርንሊ ይባላል፤ ራይቲንግተን በሚባል ሆስፒታል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከፕላስቲክ የተሠራ የዳሌ ራስ የተገጠመለት አንድ ሰው መጣለት። ሰውየው ገበታ ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ይጮኻል፤ ሚስቱ ድምፁን መስማት አስጠልቷት ትሸሸዋለች። ሌላ ሐኪም ቢሆን ለሰውየው ያዝንና ይተወው ነበር። ቻርንሊ ግን ጩኸቱ የፍትጊያ መሆኑን ተረዳ፤ ፍትጊያ የበዛበት ዕቃ ደግሞ ከአጥንቱ እየተነቀለ ይላላል። ስለዚህ በዓለም ላይ እጅግ የሚያንሸራትተውን ነገር ፈለገ፤ ቴፍሎንን አገኘ። ከ1958 ጀምሮ የቴፍሎን ጽዋ ለ300 ያህል ሰዎች ገጠመ። ሰዎቹ ከአልጋ ተነሥተው ሄዱ። ተአምር መሰለ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጽዋዎቹ ማለቅ ጀመሩ። ብረቱ ቴፍሎኑን እየሰረሰረ ገባ፤ የተፋቀው ብናኝ ሥጋው ውስጥ እንደ አይብ እየተጠራቀመ አጥንቱን አበላሸው። ቻርንሊ የገጠመውን መልሶ እያወጣ ብዙዎቹን በራሱ እጅ እንደገና ቀደደ። እንዲያውም የቴፍሎኑን ብናኝ በራሱ ጭን ውስጥ ቀብሮ፣ ያበጠውን በጣቱ እየዳሰሰ አረጋገጠ። ይህን ያደረገ ሰው ሲጠቀስ ብዙ ሰው ጀግንነቱን ያወራል፤ እኔን የሚገርመኝ ሐፍረቱን ያልሸሸ መሆኑ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ ግን የኔ ሰው ሃሪ ክሬቨን ነው፤ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን። በ1962 አንድ ሻጭ ለሽመና ማሽን ጥርስ የሚሆን አዲስ ፕላስቲክ ይዞ መጣ፤ ስሙ ፖሊኢቲሊን። ቻርንሊ አየት አድርጎ፣ በጥፍሩ ሞክሮ ናቀው። ከዚያም ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። ክሬቨን አለቃው በሌለበት ፕላስቲኩን ማሽኑ ላይ አስሮ ሌት ተቀን አስፈተገው። ሦስት ሳምንት ሲሆነው የተበላው መጠን ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ አልሞላም። በዚያው ዓመት በኅዳር የመጀመሪያው የፖሊኢቲሊን ጽዋ ለሰው ተገጠመ። ዛሬ እኔ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ የዚያ የተሻሻለ ዘር ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጨረር እየጠነከረ ሲሠራ የሚበላው መጠን እጅግ ወረደ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተያዘው። ፖሊኢቲሊን ከቴፍሎን ይልቅ ይፋተጋል። አያንሸራትትም፤ ግን ይችላል። ቻርንሊ ለዓመታት የለካው «ስንት ይንሸራተታል?» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ጥያቄው ግን «ስንት ይቆያል?» የሚለው ነው። ሁለቱ የሚዛመዱ መስለውት ነበር፤ አይዛመዱም። ለስላሳው አለቀ፣ ሻካራው ቀረ።

እኛ ደግሞ ዱዓ ስናደርግ የምንለምነው ምንድን ነው? አብዛኛው ዱዓዬ፣ ልዋሽ አልችልም፣ የቴፍሎን ዱዓ ነው። ያ አላህ አቅልልኝ፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ያለ ክርክር ይታደስ፤ አሠሪዬ ፊቱን አያጥቁርብኝ፤ ልጆቼ ሳያስቸግሩኝ ይደጉ። ፍትጊያ የሌለበት ሕይወት። ማቅለልን መለመን ነውር ነው አልልም፤ ሃይማኖታችን ራሱ አማኙን ማስጨነቅ አይወድም። ነገር ግን ቅለትንና ጽናትን አንድ አድርጌ እለምን እንደነበር የገባኝ ይህን የፕላስቲክ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው። ሰብር ስለሚባለው ነገር ሲሰበክ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ የሽመና ማሽን ጥርስ ግን በተሻለ አስረዳኝ።

ሸሪዓው ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድም በዚህ ዓይን ሲታይ ይጠራል። ቆመህ ስገድ፤ ካልቻልክ ተቀምጠህ፤ ካልቻልክ በጎንህ ተጋድመህ። ሶላቱ ግን አእምሮህ እስካለ አይወርድም። ከዚህም ይረቃል። በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድ መቆም የሚችል ሰው ሱጁድ ስላቃተው ብቻ መቆሙን መተው አይችልም፤ የሚችለውን እንደ ሰው ይሠራል፣ ያቃተውን ብቻ ከወንበር ይሰግዳል። እንግዲህ ሐኪም ሱጁድ የከለከለኝ እኔ የምቆመው ከሶፉ፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ፣ ጋር ነው፤ ወንበሬ ከኋላዬ ነው። ከኋላዬ ላለው ሶፍ ግን ወንበሩ መከራ ነው። ሙሉ ሶላቱን ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው የወንበሩን የኋላ እግሮች ከሶፉ ጋር ያስተካክላል፣ ማንንም አያስቸግርም፤ እኔ ግማሽ ቋሚ ግማሽ ተቀማጭ በመሆኔ የሌላውን ግንባር ማረፊያ እይዛለሁ። አሁን ከሶፉ ጥግ፣ ከግድግዳው አጠገብ ቦታ ይዣለሁ፤ ለዚያም ከአዛኑ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ዳሌዬ ከመቀየሩ በፊት በዚህ ሰዓት መስጊድ ደርሼ አላውቅም።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ አንድ ሰው ከሶላት በኋላ ያዘኝ። ጤነኛ መስሎ እየተራመዱ ሱጁድ መተው ስንፍና ነው ብሎ በሰው ፊት ተቆጣኝ። ሱሪዬን አውርጄ ጠባሳዬን ላሳየው አልችልም። ወደ ቤት ስሄድ ግን በቁጣ ሒሳብ ሠራሁ። አምስቱ የግዴታ ሶላቶች በቀን 17 ረከዓ ናቸው፣ 34 ሱጁድ። በዓመት ከ12 ሺህ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሰው በአንድ እግሩ በዓመት የሚረግጠው እርምጃ ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል ይላሉ። ስለዚህ የማንም ሰው ዳሌ በስግደት አያልቅም። የሚጨርሰው ገበያው፣ ወርክሾፑ፣ ደረጃው፣ የሪያዱ የበጥሃ መንገድ ነው፤ ሪዝቅ ፍለጋው ነው።

ሐኪሙም ሱጁድን የፈራው ስለ ፍትጊያ አልነበረም። ሰው ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ዳሌው ከዘጠና ዲግሪ በላይ ይታጠፋል። ያኔ የግንዱ አንገት ከጽዋው ጠርዝ ጋር ይጋጭና እንደ መፈንቅል ሆኖ እንክብሉን ከጽዋው ሊያወጣው ይችላል፤ ከኋላ በኩል ለተቀደደ ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አደጋው እውነተኛ ነው። እዚህም ሌላ ምርጫ አለ። ቻርንሊ እንክብሉን 22 ሚሊሜትር ብቻ አድርጎ ያሳነሰው የፍትጊያው ጉልበት ጽዋውን እንዳይነቀንቀው ብሎ ነው። ትንሽ እንክብል ግን ቶሎ ይወጣል። የእኔ 36 ሚሊሜትር ነው፤ በቀላሉ አይወጣም፣ በምላሹ ከፕላስቲኩ ጋር የሚፋተግበት ገጽ ሰፊ ነው። እንግሊዛዊው በወንበር ላይ ለሚኖር ሰው ሠራ፤ መሬት ላይ የሚበላ፣ መሬት ላይ የሚሰግድ፣ መሬት ላይ የሚያወጋ ሕዝብ ሲመጣ ስሌቱ ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ሐኪሙ ጉልበቴን ለይቼ ሱጁድ ብሞክር እንደማይከለክለኝ ነግሮኛል። እስካሁን አልሞከርኩም። ፍርሃት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ስለዚያ ተቆጪ ሰውዬ ግን ሌላ ነገር ልበል፤ ከፕላስቲኩ እጀምራለሁ። ፖሊኢቲሊን ይበላል ብያለሁ፤ የተበላው የት ይሄዳል? በድሮው ዓይነት ፕላስቲክ አንድ እርምጃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብናኝ ይለቃል ተብሎ ተገምቷል፤ አብዛኛው ከሚሊሜትር ሺኛ ክፍል የሚያንስ ነው። ሰውነት ይህን ዝም ብሎ አያይም። ባዕድ ነገር ጠራጊ የሆኑ ሕዋሳት አሉት፤ እነሱ መጥተው ብናኙን ይውጡታል። ፕላስቲክ ግን አይፈጭም። ጠራጊው የዋጠውን ማዋሃድ ሲያቅተው ሌሎችን ይጠራል፣ እነሱም ሌሎችን፤ ግርግሩ ውስጥ አጥንት በሊታ ሕዋሳት ይነሡና ዕቃውን የያዘውን አጥንት ራሱን ያሟሙታል። ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ቀን ግንዱ ይላላል። አጥንቱን የጎዳው ፕላስቲኩ አይደለም። ፕላስቲኩን ሊያጸዳ የተነሣው የገዛ ሰውነቱ ነው።

ከመንገድ ላይ ክፉ ነገር ማንሳት ሰደቃ ነው። ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን በየመስጊዱ አንድ ጠራጊ አለ፤ የሰውን ጥፋት ይለቅማል፣ መፍጨት አይችልም፣ ሌሎችን ይጠራል፣ ጀመዓውን ያሟማል። በየቤተ ክርስቲያኑም አይጠፋም፣ ደሴ ያለችው አክስቴ እንደምትለው።

አክስቴ ክርስቲያን ናት። ወሎ ላይ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ በእኛ ቤት በዒድም በፋሲካም የሚታረደው ለየብቻ ነው፣ የሚጠጣው ቡና ግን አንድ ነው። በሕማማት ሳምንት ስትሰግድ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ስደውልላት ስለ ዳሌዬ ሳልጨርስላት ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀመረችልኝ። ጻድቁ በዋሻቸው ውስጥ ከፊትም ከኋላም ከግራም ከቀኝም ጦር ተክለው፣ እንዳይደገፉ እየተጠነቀቁ፣ በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እስኪሰበር ቆሙ ይላል ትውፊቱ፤ ጥር 24 ስባረ ዐፅማቸው ይከበራል። «አንተ ግን በወንበር ትጸልያለህ» አለችኝ፣ እያሾፈች። እኔም እንደ መካኒክ መለስኩላት፤ የሳቸው እግር ያለቀው በፍትጊያ አይደለም፣ ሸክም ሲበዛ ብረትንም ይሰብራል። ስልኩ ውስጥ «ኧረ ወዲያ!» አለች።

ክብራቸውን ጠብቄ ነው የተናገርኩት። ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። እኛ ሙያ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ የማያምነው አንድ ነገር አለ፤ ጭነት ያነሰበት ኩሽኔታም ይበላሻል። ኳሶቹ መሽከርከር ሲገባቸው ይንሸራተታሉ፣ ገጻቸው ይላጣል። አጥንትም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ብረት ጭነቱን ሁሉ ከተሸከመለት ዙሪያው ያለው አጥንት ሥራ ፈትቶ ይሳሳል፤ ሐኪሞች ራጅ ላይ ያዩታል። በበሽታም ይሁን በምቾት ከሸክም የወረደ አጥንት አያድግም። ስለዚህ ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ማግሥት አቁሞ ያስኬደኝ ጨክኖብኝ አይደለም።

ወደ ሼኹ መልስ ልመለስ፤ ዕዳው ስለ እንቅስቃሴው ነው ወዳሉት። ትክክል ናቸው፣ ግን ጎደለብኝ። ዕቃው ብቻውን አይንቀሳቀስም። ቁስሉ ሲድን ሰውነት በባዕዱ ብረት ዙሪያ አዲስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑም ከድሮው ጋር የሚመሳሰል ፈሳሽ ያመነጭና ፕላስቲኩንና ሴራሚኩን ያለሰልሳል። ማንም አላዘዘውም። አጥንቱ ደግሞ በቲታኒየሙ ሸካራ ገጽ ውስጥ እየበቀለ ይገባና ያስረዋል። አገሬው ለመጻተኛው ኢቃማ ሰጠው ማለት ነው፣ ያውም ያለ ከፊል፣ ያለ አሠሪ ዋስ። ስለዚህ እኔ በበኩሌ 359 የሚለውን ትቼዋለሁ። እንዲያውም በዚህኛው መገጣጠሚያ ዕዳው ይከብዳል ባይ ነኝ፤ የድሮው ሲንቀሳቀስ ምስጋናው ለፈጣሪ ብቻ ነበር። አሁን በመሐል ሰው ገብቷል። ሰውን ያላመሰገነ አላህንም አላመሰገነም የሚል ትምህርት አለን፤ እኔ ማንን ላመስግን? ክሬቨንን፣ አዎ። ግን ከእሱም በፊት የማላውቃቸው 300 እንግሊዛውያን አሉ። ቴፍሎን እንደማይሆን የታወቀው በእነሱ አጥንት ነው። ተሻለን ብለው ሄደው፣ ተመልሰው ተኝተው፣ ሁለተኛ ተቀደዱ። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ለእነሱ የሚከፈለው ሰደቃ ምን እንደሚመስል ሼኹን ስጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ቆይተው «የዱሐዋን ሁለት ረከዓ ከመስገድ አትሰልች» ብቻ አሉኝ።

ሌላም ጥያቄ አንሥቼባቸዋለሁ። በቂያማ ቀን አፍ ይታተማል፣ እጅ ይናገራል፣ እግርም የሄደበትን ይመሰክራል ተብለናል። የእኔ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች የራሴ ነው፤ ያንቀሳቀሰው ግን የፋብሪካ ዕቃ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሄድኩበትን ማን ይመሰክራል? ሼኹ በዚህ አልሳቁም። ቆዳ በባለቤቱ ላይ ሲመሰክር «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነገርን ሁሉ ያናገረው ጌታ እንዳናገረው ይመልሳል አሉኝ፤ ሁሉን ካለ ደግሞ ቲታኒየም አይቀርም። ቤት ገብቼ ሆስፒታሉ የሰጠኝን ካርድ አወጣሁት። የእንክብሉም፣ የጽዋውም፣ የግንዱም ቁጥር በየተራ ተለጥፎበታል፤ የተገጠመበት ቀን አለ፣ ግራ ይሁን ቀኝ ተጽፏል። የሐሰት ምስክር ነው ብዬ ልክድ የምችልበት ቀዳዳ አላገኘሁም።